ከግድግዳው ላይ የነቀልኳቸው ሥዕሎች

ልጄ ማርታ ሁለት ዓመት ሲሞላት ስሟን ስንጠራ መዞር አቆመች። የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ስለዚህ አውቃ እንቢ ያለችኝ መሰለኝ። መታኋት። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያለ አባት እንዲያነበው ነውና አልደብቅም።

ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን አስጸለይን። ጸሎቱ እኛን አጸናን፤ እሷ ግን እንደዚያው ነበረች። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ጆሮዋን አስመርምሮ፣ "ጆሮዋ ደህና ነው። ኦቲዝም ነው። በመድኃኒት አይድንም፤ በትምህርት ግን ትሻሻላለች። የማንም ጥፋት አይደለም" አለን። የራሴን ጥፋት ግን እኔ አውቀዋለሁ።

ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች የምታስተምር አንዲት መምህርት "ስትራክቸርድ ቲቺንግ" የሚባለውን አሳየችን። ነገሩ ልጅቷ ቀጥሎ የሚመጣውን በዐይኗ እንድታይ ማድረግ ነው። መታጠብ፣ መብላት፣ ሥራ፣ ጨዋታ፣ እያንዳንዱ በሥዕል ግድግዳ ላይ በተራ ይለጠፋል፤ ያለቀው ተነቅሎ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ሥዕሎቹን ግን በእጄ ሣልኳቸው። ከወራት በኋላ ራሷ ሽንት ቤት መሄድ ጀመረች። የሙዝ ነጋዴ ነኝ፤ አንድ ቀን ከጫኖ እርሻዎች ሙዝ አስጭኜ ስመለስ በር ላይ ቆማ "አባ" አለችኝ።

ማርታ ስድስት ዓመት ሲሆናት የአጎቴ ልጅ ከጨንቻ ሊጠይቀን መጣ። ግድግዳውን አይቶ፣ "አንተ፣ ይሄ ቤት ነው ፎቶ ቤት? ልጅ በሥዕል ስትታዘዝ ገና አሁን አየሁ" ብሎ ሳቀ። አፈርኩ። ከተሻላትማ በቃል ትታዘዝ ብዬ ሥዕሎቹን ነቀልኳቸው። ባለቤቴ አስቴር "ተው፣ መጀመሪያ መምህሯን ጠይቅ" ብላኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

ጠዋት ተነሳች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች። ጮኸች። እጇን ነከሰች። በሦስተኛው ቀን ልብሷ ላይ ሸናች። "አባ" ማለቷም ቀረ።

መምህርቷ አልተቆጣችኝም። "ጋሼ፣ የተሻላት እኮ በሥዕሉ ነው" አለችኝ። መልሰን ለጠፍን።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አለፈ። ማርታ አሁን ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ሥዕሏን ተከትላ ፊቷን ትታጠባለች፣ የበሰለውን ሙዝ ካልበሰለው ለይታ በየቅርጫቱ ታስቀምጣለች፣ ሲያልቅም ወደ ግድግዳው ሄዳ ቀጣዩን ታያለች። ሽንት ቤት መሄዱም ከብዙ ልፋት በኋላ ተመለሰ። "አባ" የሚለው ቃል ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ምናልባት ሥዕሉ ባይነቀልም ይጠፋ ነበር ይላል። እኔ በዚህ ራሴን አላጽናናም።

ሐኪሙን፣ መምህርቷንና ከሁሉም በላይ አስቴርን አመሰግናለሁ። አንተ አባት፣ ልጅህ ሲሻለው የረዳውን ነገር አትንጠቀው። የሚለወጥ ነገር ካለ ከአስተማሪው ጋር ተማክረህ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ዘመድ ቢስቅ ይሳቅ፤ ስቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከልጁ ጋር የምትቀረው አንተ ነህ።