ከወንድሜ ገዳይ ጋር በአንድ ሰንሰለት

ወንድሜ የሞተው ለአንድ ትልም መሬት ነው። ጎረቤታችን «ድንበር ገፋህ» ብሎ አናቱን በዱላ አለው፤ ሳይመሽ ሞተ። ገዳዩ አልሸሸም። እዚያው ብገድለው ደስ ባለኝ፤ ሽማግሌዎቹ ግን መሃል ገብተው ያዙኝና እንደ አገሩ ወግ ተቆራኘን። የእሱ ቀኝ እጅ ከእኔ ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታሰረ፤ ከመዘዞ አንኮበር ድረስ ወስጄ ዳኛ ፊት የማቆመው እኔው ነኝ። እናቴ ደጅ ቆማ «ደሙን ሳትመልስ እንዳትመጣ» አለችኝ።

ይህን ወግ ያወጣው ሰው ወይ የሰው ቁጣ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ወይ ከሁላችንም አብልጦ ያውቃል። መጀመሪያ ላይ ሰንሰለቱ በጎተተኝ ቁጥር ልነክሰው ይቃጣኝ ነበር። ሆን ብዬ በእሾህ መሃል እሄዳለሁ፤ እሱ ሲወጋ እኔም እወጋለሁ። ቁጣ ጉልበት ይጨርሳል፤ ዳገቱ ደግሞ የቀረውን ይወስዳል። ደከመኝ። ስንቃችን በሶ ነው፤ እኔ ከቅሉ ውሃ አፈስለታለሁ፣ እሱ ይጨብጣል። የሚጎርሰው በዚያው በገደለበት እጁ ስለሆነ፣ በጎረሰ ቁጥር የእኔም እጅ አብሮ ወደ አፉ ይሄዳል። ብርዱ ሲጠናብን በአንድ ጋቢ ተኛን። እሱን ሲያስለው እኔ እነቃለሁ። በእንቅልፍ ልቡ ያለቅስ ነበር።

አንኮበር ስንደርስ ዳኛው ነገሩን ሰሙ፤ እሱም አልካደም። ይሙት በቃ ተፈረደበት። ከዚያ ዳኛው ወደ እኔ ዞሩና «ደሙ የአንተ ነው። ትገድለዋለህ ወይስ ትምረዋለህ?» አሉኝ።

ልቤ ውስጥ ጥላቻዬን ብፈልገው አጣሁት። ያለው ድካም ብቻ ነበር። «ምሬዋለሁ ጌታዬ» አልኩ። የቆመው ሰው ሁሉ መረቀኝ፣ ደግ ሰው ነህ አለኝ። እኔ ግን ለምጄው ነው የማርኩት።

ቀጥቃጭ ተጠርቶ ሰንሰለቱን ፈታልን። ሰውየው ጉልበቴን ስሞ ቁልቁለቱን ወረደ። ቆሜ አየሁት። ሳሉ ከማይሰማበት ሲደርስ፣ ቀኝ እጁን እያወዛወዘ ሲሄድ ሳየው፣ የወንድሜ ገዳይ መሆኑ እንደ አዲስ ታወቀኝ። ደሜ ፈላ። ዱላ ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። ቃሌን ግን በሰው ፊት ሰጥቻለሁ፤ ቤቱም ከቤታችን ማዶ ነው፣ እስክንሞት ድረስ በየማለዳው ከሩቅ ላየው ነው።