በሰው ቁጥር የኖርንበት ቤት

አባቴ ካረፈ በኋላ የቤታችን ካርታ ጠፋ። ዋና ዋና ወረቀቶችን «እንዳይጠፉ» እያለ የሚደብቅባቸው ቦታዎች ብዙ ስለነበሩ፣ እናቴና እኔ ፍራሽ ሳይቀር ገልብጠን ፈለግን። ሲያቅተን ኮፒ እንዲሰጡን ለማመልከት እኔ ካዛንቺስ ወዳለው መዝገብ ቤት ሄድኩ። የቤት ቁጥሩን ጠዋት ስወጣ በራችን ላይ ካለችው ቆርቆሮ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነበር።

መዝገብ ቤት የተቀበለችኝ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችና የባለቤቱን ስም ጠየቀችኝ። የአባቴን ስም ነገርኳት። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ቁጥሩን እንደገና ጻፈች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቤት በአባትህ ስም አይደለም» አለችኝ።

እስከ ሰፈራችን ቡልጋሪያ በእግሬ ነው የተመለስኩት። አባቴ ሳይነግረን ቤቱን ሸጦት ይሆን እያልኩ፣ ደግሞ እንዲህ በማሰቤ እያፈርኩ። እናቴ ግን ስነግራት ብዙም አልደነገጠች፤ ነገ እኔው ራሴ እሄዳለሁ አለች። በማግስቱ ለምስክርነት ብላ አጥር የምትጋራንን ጎረቤታችንን አስከትላ ሦስታችንም ሄድን።

ሴትዮዋ የእናቴን የድሮ የቀበሌ መታወቂያ ጠየቀች። መታወቂያው ላይ ያለው ቁጥርና እኔ ፎቶ ያነሳሁት በመጨረሻዋ አኃዝ ይለያያሉ። የመታወቂያውን ስትጽፍ የአባቴ ስም ወጣ። የትናንቱ ቁጥር የማን እንደሆነ ለማየት የጎረቤታችንንም መታወቂያ ተቀብላ አመሳከረች፤ የእሷ ነበር። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ የበሮቻችሁን ቁጥር ነቅሎ የሰቀለ ሰው ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

ጎረቤታችን አፏን በእጇ ያዘች። ልጇን የዳረች ጊዜ ሁለቱንም በሮች አረንጓዴ የቀባው አባቴ ነበር። ቀለም እንዳይነካቸው ብሎ ቆርቆሮዎቹን ነቀላቸው፤ ሲመልሳቸው አቀያየራቸው። ልጅቷ ዛሬ የራሷን ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገብታለች።

«ይህን ሁሉ ዘመን በአንቺ ቁጥር ነዋ የኖርኩት» አለች እናቴ።

«እኔስ በአንቺ አይደል? ተመችቶሽ ነበር?» አለች ጎረቤታችን።

ሁለቱ ተደጋግፈው ሲስቁ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ ሳቀ።

ፋይሉ ከመደርደሪያ ወረደ። ካርታው በደህና አለ። ከሥሩ አባቴ ቤቱን ሲያስመዘግብ በእጁ የጻፈው ማመልከቻ ተያይዟል። እናቴ ማንበቢያ መነጽሯን ስላልያዘች የሴትዮዋን ተውሳ አነበበችው። ቤቱ በእሱ ስም ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ምክንያቱን ሲጽፍ «ከመሠረቱ ጀምሮ ድንጋይ ያቀበለችኝ ባለቤቴ ስለሆነች» ይላል። እናቴ ስለዚህ ማመልከቻ ሰምታ አታውቅም። ካርታውንም ገልጠን ስናይ የሁለቱም ስም አለበት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከካርታው ጋር የማመልከቻውንም ኮፒ ታደርጊልኛለሽ ወይ ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ሁለት ሁለት አድርጋ አወጣችላት። ታክሲ ውስጥ እናቴ ካርታውን ለእኔ ሰጥታ ማመልከቻውን ራሷ ያዘችው፤ ለጎረቤታችንም እስክንወርድ ድረስ ያቺን ምክንያት በቃሏ ሁለት ጊዜ ነገረቻት።