ሁለተኛው ገንዳ

ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ሳህን በማጥብበት ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያው ላይ፣ አንዲት ብርቱካናማ የባሕር ዓሣና ኮራል የሚሉት ሕይወት ያለው ድንጋይ በመስታወት ገንዳ ውስጥ አሉ። አባያና ጫሞ አጠገባችን ተኝተው እኛ ጨው በጥብጠን ባሕር እንሠራለን፤ ሥልጣኔ ነው መቼም። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለው ገንዳ ከሥሩ ውሃውን የሚያጣራ ሁለተኛ ገንዳ አለው አሉ። የእኛ ሁለተኛ ገንዳ፣ ዓሣዋን የሚጠብቀው ሰውዬ ነው።

የደበዘዘ ሰማያዊ የባሕር ኃይል ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሙቀቱ የመጠጠውን ያህል ንጹሕ ውሃ በጣሳ ይተካል። ከዚያ ጣቱን ነክሮ ይልሳል። አንድ ቀን ወጥ ሠሪዋ ዘሪቱ ውሃው ጎድሎ አይታ አዘነችና እፍኝ ጨው ይዛ መጣች።

«ተይ እህቴ! የተነነው ውሃው ነው፤ ጨውማ የት ይሄዳል?»

«ወይ ጋሼ! ለወጤ እንዲህ የሚጨነቅልኝ ባገኝ!»

የሆቴሉ ባለቤት ደግሞ «ዓሣዋ ከሞተች የሐይቃችንን ዓሣ፣ ቆሮሶ እንከትበታለን» ብሎ ዝቷል።

ትናንት መብራት ጠፋ፤ አየር የሚሰጠው ሞተር ቆመ። ሰውዬው ሦስት ሰዓት ሙሉ ውሃውን በጣሳ እየቀዳ መልሶ ከላይ አንቆረቆረ።

«ጋሼ፣ ውሃ ናፍቆህ ከሆነ ጫሞ አለልህ አይደል?» አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

መብራቱ መጣ። ዓሣዋ ተንቀሳቀሰች። ጣቱን ላሰና፣

«ጫሞ ምጽዋ ምጽዋ አይልም» አለኝ።