ሁለት ሺህ ላይ ቀይር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳራ ሶፋው ላይ ተጋድማ በስልኳ ለመንጃ ፈቃድ ትምህርት ስትመዘገብ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ስለሞላት እዚህ አገር ከወላጅ ጋር መለማመድ ይፈቀድላታል። ማርሽ ያለው መኪና ወይስ አውቶማቲክ የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ሳታስብ አውቶማቲኩን ነካችው። «ማርሹንም ብትማሪው አይከፋም ነበር» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ፓፓ፣ ማርሽ እኮ ሙዚየም ገብቷል» አለች። እውነቷን ነው። የኦስሎ መንገድ ዛሬ ድምፅ በሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ተሞልቷል፤ እታች የቆመው የእኛ መኪናም ቢሆን ማርሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ከዚያ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ «ግን መቼ መቀየር እንዳለባችሁ በምን ታውቁ ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ነገር ግን «በኋላ እነግርሻለሁ» ብዬ ተነሳሁና ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ። በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በገዛ ቤቴ፣ ከልጄ ጥያቄ ሸሸሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2008 ፀደይ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከወላጆቼ ጋር ኦስሎ ውስጥ ሃውገንስቱዋ፣ ከረጃጅሞቹ ሕንጻዎች በአንዱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። የመጀመሪያ ደህና ሥራዬን ይዣለሁ፣ የመጀመሪያ መኪናዬን ገዝቻለሁ፤ በዚህ ላይ ያገለገለች ብትሆንም ናፍጣ የምትጠጣው ቆጥባ ነው። በዳሽቦርዷ ላይ የነዳጅ ፍጆታዋን የምታሳይ ትንሽ መስኮት ነበረቻት። እኔም ያቺን ቁጥር ዝቅ ማድረግ እንደ ትልቅ ሙያ ይዤው፣ ማታ ማታ ስለ ቆጣቢ አነዳድ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አመሽ ነበር። ቶሎ ቶሎ ማርሽ መጨመር፣ ሞተሩን አለማስጮህ፣ በደቂቃ ሁለት ሺህ ዙር ላይ መቀየር። ይህችን ካወቅሁ በኋላ በዓለም ላይ የቀረኝ ዕውቀት ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ግን ሹፌር ነበር። ነበር ስል፣ አገር ቤት እያለ አሥራ አንድ ዓመት የአሰብን መንገድ ከነተሳቢው የተመላለሰ ሰው ነው። ኖርዌይ ከገባን ወዲህ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዱ አላገለገለውም፤ እሱም መሳቢያ ውስጥ ከጋብቻ ፎቶዎቹ ጋር አስቀመጠውና የቢሮ ወለል ማጽዳት ጀመረ። አሥራ ስምንት ዓመት አጸዳ። ጉልበቱ እምቢ ማለት ሲጀምር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ዕቃ በመኪና እያመላለሱ ለየሕንጻው የሚያደርሱት ሰው ጡረታ ሊወጡ ሆነ። አንድ ቀን አባቴ ከሥራ መጥቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሸፉ ጠራኝ። እስከ በጋው ፌሪ ድረስ ፎረርኮርት ካወጣህ ቫረቢሉ ያንተ ነው አለኝ» አለን። እስከ በጋው ዕረፍት መንጃ ፈቃድ ካወጣ አለቃው የዕቃ መኪናውን ሊሰጠው ነው። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወለል ከመግፋት ወደ መሪ መመለስ ማለት ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እንደ ልጅ ዓይኑ ያበራ ነበር።

የጽሑፉን ፈተና በሦስተኛው ሙከራ አለፈ። የመንገዱን ልምምድ እኔ ወሰድኩ፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ዕድሜና የመንጃ ዓመት አሟልቼ ስለነበር ቀዩን የለማጅ ምልክት ከኋላ ለጥፈን ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣት ጀመርን። በረዶው እየቀለጠ፣ ክረምቱን እንዳያንሸራትት የተበተነው ጠጠር ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ የመኪናዋን ሆድ ይደበድባል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። አባቴ ከሰዓት በኋላ የሚበላውን ደረቅ የኖርዌይ ብስኩት በአዋዜ ለቅልቆ በላስቲክ ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ ነዳጅ ማደያው ጋ ስንደርስ ወርጄ ቋሊማ በዳቦ እገዛና እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ እገምጣለሁ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ያደርግ ነበር፣ ያን ብቻ።

አነዳዱ ያስቀናል። ዓይኑ ሩቅ ነው፤ መሪውን እንደ ዕንቁላል ነው የሚይዘው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ፈትተው በዜሮ የሚለቁ ሹፌሮችን ይንቃል፤ ጣርማበርን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን ይዞ ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። መኪና ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ሬዲዮኑን መዝጋት ነበር። «የጭነት መኪናዬ ዙር መቁጠሪያ እኔ ሳልረከበው የሞተ ነው» ይለኛል እየሳቀ። «ቁጥር የለም። ሞተሩ ሲለምንህ ታወርድለታለህ፣ ሲሰለቸው ትጨምርለታለህ። ባዶህን ሜዳ ላይ ስትሄድ ቶሎ ጨምርለት፣ ይረፍ። ሸክምና ዳገት ሲመጣ ግን አትሟገተው፣ አውርድለትና ይጩህ።»

ዛሬ ሳስበው፣ ስለ ማርሽ ሊባል የሚገባው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። መቆጠብም ጉልበትም ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው። ያኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ቀይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ቆርጬ የዙር መቁጠሪያው መስታወት ላይ፣ ልክ ሁለት ሺህ ላይ ለጠፍኩ። «እዚህ ስትደርስ ቀይር። ፈታኞቹ የሚያዩት ቁጠባ ነው» አልኩት።

ከቫይትቬት ወደ ላይ በሚወስደው ዳገት ላይ ሦስተኛ ይዞ ሲወጣ መርፌው ፕላስተሩን አለፈ። «ቀይር!» አልኩት።

«ቆይ ልጄ፣ ዳገቱን ላውጣት።»

«አባባ፣ ጆሮህን ተወው! ቁጥሩን እይ! ይሄ አሰብ አይደለም!»

ጮኼ ነው ያልኩት። አባቴ አራተኛ አስገባ። መኪናዋ ትንሽ አቃሰተችና ወጣች፤ የናፍጣ ሞተር ስለሆነች ዝቅ ባለ ዙርም ትጎትታለች። «አየህ?» አልኩት። እኔን ያየ ሰው መኪናን የፈጠርኳት ይመስለው ነበር።

ፈተናው የሚሰጠው በማሠልጠኛው መኪና ነው፤ ያቺ ደግሞ ቤንዚን ናት፣ ሞተሯም አነስተኛ። አባቴ ግዴታ የሆኑትን ጥቂት ትምህርቶች በእሷ ወሰደና አንድ ማታ እራት ላይ፣ «ሚኪ፣ ያቺኛዋ ሁለት ሺህ ላይ አይስማማትም። ትንቀጠቀጣለች። እሷ ላይ ማርሹን ትንሽ ባቆየው ምን ይመስልሃል?» ሲል ጠየቀኝ። አሥራ አንድ ዓመት የነዳ ሰው እኔን ፈቃድ ጠየቀኝ። እኔም ቀና ብዬ ሳላየው፣ «ናይ፣ የለም፣ ያው ነው። ልማድህ ነው የሚያታልልህ» አልኩት። ሽንጤን ገትሬ የተናገርኩት፣ ያቺን መኪና አንድም ቀን ሳልነዳት ነው።

የፈተናው ቀን ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ዋለ። ፀሐይ ወጥቶ መንገዱ ተጠርጎ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለበሰ። ከፈታኙ ጋር ሲወጣ እኔ አዳራሹ ውስጥ በመስኮት እያየሁ ቀረሁ። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጡ። ፈታኙ እጁን እያንቀሳቀሰ ይናገራል፣ አባቴ አንገቱን ይነቀንቃል። ከዚያ አብረው ገቡ። አባቴ ግራ፣ ቀኝ፣ ቁም የሚለውን ኖርዌጅኛ ይችላል፤ ሰፋ ያለ ንግግር ግን አይከተልም። ፈታኙ፣ ሽበታም ረጅም ሰው ነው፣ ልጁ መሆኔን ጠየቀኝና እንድተረጉምለት ለመነኝ።

መተርጎም ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የአባቴ ኖርዌጅኛ እኔ ነኝ፤ ሐኪም ቤት፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የራሴ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ሳይቀር። የስደተኛ ልጅ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ክፉ ሥልጣን አለች፤ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መሐል ቆመህ የምታሳልፈውንና የምታስቀረውን አንተ ትወስናለህ።

ፈታኙ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «አባትህ ጥሩ ሹፌር ነው። መንገድ ያነባል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ይዞ የሚወርድበትን መንገድ ወጣቶቹ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ግን ማርሽ በጣም ቶሎ ይጨምራል። ዳገት ላይ ሞተሩ ታፈነ፤ አደባባይ ውስጥ ደግሞ አውቶቡስ እየመጣ ጠፋበት። ስለዚህ ላሳልፈው አልችልም። እጁ ማርሹን ለማውረድ እየሄደ ሲመለስ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ጆሮው ያውቃል። ቁጥር እንዲከተል የነገረው ሰው ያለ ይመስለኛል። ያንን ተውና ጆሮህን እመን በለው። በሚቀጥለው ያለ ጥርጥር ያልፋል።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

አስቤበት አይደለም። ይህን ስል ራሴን ለማዳን አይደለም፣ ሳያስቡ የሚወጣ ውሸት ይብሳል እንጂ አይሻልም። «የነገረው ሰው» እኔ ነበርኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አላለፍክም። የድሮው የጭነት መኪና ልማድህ አልለቀቀህም አለ። በጆሮ መንዳት እዚህ አገር አይሆንም አለ» አልኩት።

ፈታኙ የተናገረውን ያደረስኩለት መስሎት በፈገግታ ራሱን ነቀነቀ። አባቴም ነቀነቀ። «ታክ፣ ታክ» ብሎ እያመሰገነ የፈታኙን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ፈታኙ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ አይዞህ ማለቱ ነበር። አባቴ ግን ያንን እንደ ማዘን ቆጠረው። በመሐላቸው ቆሜ አየሁ።

ወደ መኪናዬ ስንመለስ ሳልነግረው በተሳፋሪው በኩል ገባ። ትንሽ እንደሄድን፣ «አደከምኩህ ልጄ» አለኝ። «ቅዳሜህን ሁሉ በላሁብህ። ይቅር በለኝ።» ያኔ መናገር እችል ነበር። መንገዱ ዳር ላይ ቆሜ አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ያልቅ ነበር። «ምንም አይደል» አልኩት። ይቅር አልኩት፤ እኔ እሱን!

ድገመው ብዬ አልወተወትኩትም ማለት አልችልም፣ ወትውቼዋለሁ። እሱ ግን «የለም፣ በዚህ ዕድሜ ጆሮ አይቀየርም» ብሎ ኮቱን ሰቀለ። የመሥሪያ ቤቱን የዕቃ መኪና ለሌላ ሰው ሰጡት። አባቴ ሰባት ዓመት ተጨማሪ ወለል ገፋ፣ ጉልበቱ ጨርሶ እስኪያስቀምጠው ድረስ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ስነዳ አጠገቤ ሲቀመጥ ሬዲዮኑን ዘግቶ አያውቅም። ሞተሬ ሲያቃስት እየሰማ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። እናቴ ዓሣ በቃሪያ ጠብሳ ነበር። አባቴ ሰባ አምስት ደፍኗል፤ በትሩን ከወንበሩ ጋር አስደግፎ ይበላ ነበር። እናቴ ሻይ ልታፈላ ስትነሳ፣ «አባባ፣ ያኔ ፈታኙ ያለህን እኔ ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። የትኛው ፈታኝ አላለኝም። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ።

«ምን ነበር ያለው?»

ሁሉንም ነገርኩት፣ ፕላስተሩን፣ «የነገረው ሰው» ያለውን፣ እኔ ቀይሬ ያልኩትንም። አንገቴን ደፍቼ ቁጣውን ስጠብቅ፣ «በኖርዌጅኛው በለው እስቲ» አለኝ። በኖርዌጅኛ አልኩት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተከተለኝ።

«ጥሩ ሹፌር ነው አለ?»

«ያ፣ አዎ፣ አለ።»

«ፈታኙ ራሱ?»

«ራሱ።»

ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ፣ «አንቺ! ነይማ፣ ሻይዋን ተያትና ነይ ይሄን ስሚ» ብሎ ተጣራ። እናቴ ፎጣ እንደያዘች መጣች። «ሚኪ፣ ድገምላት» አለኝ። ደገምኩላት። የቁልቁለቱን ቦታ ስዘልለው ራሱ አስታወሰኝና እሱንም አስባለኝ። ቀና ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ባያደርግም እየሳቀ ነበር።

ከዚያ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቢቆጣኝ፣ ቢረግመኝ እንኳ እችለው ነበር፤ ለዚያ አሥራ ሰባት ዓመት ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ደስ አለው።