የአባቴ የባቡር ሰዓት

በሰዓት ሠሪ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር ያቺ ቀጭ ቀጭ የምትል ድምፅ ጆሮዬ ትገባና፣ በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ የነበረው ቤታችን፣ አባቴ ሰይድም የኪስ ሰዓቱን ከሰደርያው አውጥቶ ሲሞላ ይታየኛል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲደፈን እስላሙ ለሶላት፣ ክርስቲያኑ ለጾም መፍቻ ልጅ እየላከ ሰዓት ያስጠይቀው ነበር። አባቴም ሳይጠየቅ ሰዓቱ የአባቱ እንደሆነ፣ አባቱም ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲገባ የባቡር ሠራተኛ እንደነበረ ይጨምርላቸው ነበር። እኔም ይህንኑ ትምህርት ቤት እያወራሁ እኩራራ ነበር።

መኸሩ ተሰብስቦ ጥር ሲገባ ለእህቴ ለዘሃራ ሽማግሌ ተላከ። ልጁን ወዳዋለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የልጁ አጎት ጋሽ ይማም፣ ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እንደ ወጉ ዘር ሲጠየቅ፣ አባቴ ሰዓቱን አውጥቶ ያንኑ ታሪክ ተረከ። ጋሽ ይማም ደስ ብሏቸው የአባቴን ሰዓት ተቀበሉና የራሳቸውንም አወጡ፤ አንድ ዓይነት ሰዓት ነው። ክፋት ሳያስቡም ያስረዱ ጀመር፤ ሐዲዱ ሲገባ የነበሩት በቁልፍ የሚሞሉ፣ ቁጥራቸውም ቀጭን የሮማ ቁጥር ነበር፣ ይህ አናቱ ላይ ባለችው ጉጥ የሚሞላው፣ ባለ ወፍራም ቁጥሩ ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ እሳቸው ሲቀጠሩ የመጣ ነው። ወዲያው የአባቴን ፊት አይተው የራሳቸውን ሰዓት ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

እኔና ዘሃራ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን። እጄን ጨምድዳ ይዛለች፤ በዘሩ የዋሸ ሰው ልጅ ማን ይወስዳል?

«ከደሴ ገበያ ነው የገዛሁት» አለ አባቴ መሬት መሬት እያየ። «አባቴ ባቡር አይቶም አያውቅ። አምባሰል የሰው መሬት ሲያርስ የሞተ ጭሰኛ ነው።»

ጋሽ ይማም ሰዓቱን በሁለት እጃቸው መለሱለት። «አብሽር ሰይዶ» አሉት። «ዘር የምንጠይቀው ሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ ብለን ነው እንጂ ለሹመት አይደለም።»

ሰርጉ ሆነ፤ አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ ሰዓቱን ሰው ፊት አላወጣም። የሚገርመው፣ ያኔ በቀበሌው ስብሰባ የጭሰኛ ልጅ መሆን የሚያስጨበጭብ ነበር፤ እሱም ከሰው ጋር እያጨበጨበ የራሱን ይደብቅ ነበር።

ያን ቀን ያፈርኩት አባቴ በመዋሸቱ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያፈርኩት በአያቴ ጭሰኝነት ነው፤ ዛሬ ደግሞ በዚያ ኀፍረቴ አፍራለሁ። አሁን አሮጌ የኪስ ሰዓት ሳይ ከቁጥሩና ከመሙያው ዘመኑን እገምታለሁ። አያቴ የማንን መሬት እንዳረሰ፣ አምባሰል ውስጥ የትኛው ተረተር ላይ እንደተቀበረ ግን፣ አባቴን ሳልጠይቀው ሞተብኝ።