ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የአንድ ግድግዳ ልኬት ነው፤ ሰው አልሞተበትም። ግን ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬው አላውቅም።

ኪነ ሕንፃ መማር በጀመርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የእናቴ ጓደኛ እትዬ አልማዝ ፓንጋኒ በሚባለው ሰፈር የተከራዩትን አሮጌ የድንጋይ ቤት ምግብ ቤት ሊያደርጉት ፈልገው ፕላኑን እንዳነሳላቸው ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። መምህራችን የአሮጌ ቤት ማዕዘን እንደማይታመን ነግሮን ነበር። አራቱም ግድግዳ ይለካል፤ ከዚያም ክፍሉ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ይለካል። ይህን አውቅ ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ የእትዬ ባል፣ ጋሼ ተፈራ፣ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ሜትሬን ስዘረጋ ነቁ።

«ልነሳልህ እንዴ፣ ልጄ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ ጋሼ! ይተኙ፣ ጨርሻለሁ።»

አልጨረስኩም ነበር። ከሶፋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ አልለካሁትም። ቤቴ ገብቼ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ቁጥር ገለበጥኩለትና ክፍሉን ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን አድርጌ ሣልኩት። እትዬ ፕላኑን ለጎረቤት ሁሉ አሳዩ። ያን ጊዜ ብናገር ምን ነበረበት?

ግድግዳውን የለሰነውም፣ ባንኮኒውን በፕላኔ የሠራውም ካሳራኒ ሰፈር ወርክሾፕ ያለው ፉንዲ፣ የእጅ ባለሙያው ኪማኒ ነው። ባንኮኒው መጥቶ ከሶፋው ጀርባ ወደነበረው ግድግዳ ሲገፋ አልገባም። አንድ ስንዝር ተረፈ።

«ዓይንህ የት ነበር?» ጮኹበት እትዬ በስዋሂሊ። «ልጁ በሚሊሜትር ጽፎልህ!»

ኪማኒ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። «ኪጃና፣ አንተ ወጣት፣ ይህን ግድግዳ በእጅህ ለክተኸዋል?»

«ንዲዮ፣ አዎ» አልኩ። ይህ አልበቃኝም። «ምናልባት ልስኑ ወፍሮ ይሆናል» አልኩ። ልስን ስንዝር እንደማይወፍር አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ልስኑ የእሱ እጅ ሥራ መሆኑንም አውቅ ነበር። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

እትዬ እዚያው አሰናበቱት። ባንኮኒውን ጋሪ ላይ ጭኖ ወሰደ። ጋሼ ሁሉንም ወደ ጥግ በተገፋው ሶፋ ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ልወጣ ስል ቀስ ብለው፣ «ልነሳልህ ብዬህ ነበር እኮ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የምሳፈርበት ማታቱ ሚኒባስ በኪማኒ ወርክሾፕ በር ባለፈ ቁጥር ስልኬን አያለሁ። ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ወረድኩ። በሩ ተቆልፏል፤ ባንኮኒውን ውጭ ዝናብ በልቶታል። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ኪማኒ ልኬት ያበላሻል ተብሎ ስለተወራበት ደንበኛ ሸሽቶት፣ ዘግቶ ኢምባካሲ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኗል አለኝ። ስልኩን ልስጥህ ሲለኝም አመስግኜ፣ ሌላ ጊዜ አልኩት።

ወጣት ነበርኩ፣ አፍሬ ነበር አልልም። ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ሰው ሌላ ነው። ወርክሾፑ ተቆልፎ ያገኘሁት የመስቀል ማግስት፣ ማክሰኞ ቀን ነበር፤ ስልኩን ግን እስከ ዛሬ ሄጄ አልጠየቅኩም።