ቆመው የተሳፈሩት

ሰገነት የምትኖርበት መንደር ስም የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው። ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስትመጡ የምታገኟቸው የሰፋሪ መንደሮች አምባ ይህን ያህል፣ አምባ ያን ያህል እየተባሉ ነው የሚጠሩት። ሰውን ከወሎ ነቅሎ ለማምጣት ጉልበት የነበራቸው ሰዎች ለሚኖርበት ቦታ ስም ማውጣት ደከማቸው። ሰገነት ግን እዚያው ቁጥር ውስጥ ትዳር ይዛ፣ ማሽላ አምርታ፣ ማንጎ ተክላ፣ ልጇን አይናለምን ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ብቻ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ አትደርስም። ባጃጁ በዚያ በኩል ከዞረ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች።

ባለፈው ክረምት መሄድ ግድ ሆነባት። የአይናለም ልጅ ሊድያ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ልቧ ላይ ክፍተት አለባት። ስታለቅስ ከንፈሯ ይጠቁራል። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል የሰጣት የቀዶ ሕክምና ቀን በመንገዱ መዘጋት አንዴ አልፏታል። መንገዱ የተዘጋው «ለጊዜው» ነው ይሉናል። የሕፃን ልብ «ለጊዜው» የሚባል ቋንቋ አይገባውም! ሐኪሙ አሁን የተሰጣት ሁለተኛው ቀንም ካለፈ ሌላ ቀን እንዳይጠብቁ ለአይናለም ሳይሸፋፍን ነግሯታል። አይናለም አራስ ናት፤ ባሏ ለሥራ ቡለን ወረዳ ሄዷል። ስለዚህ ዕድሩ ትኬቱን ቆረጠና ሰገነት ልጅቷን ታቅፋ ተሳፈረች።

ጠዋቱ የመሸ ይመስል ነበር። ዝናቡ የአውሮፕላኑን ክንፍ ይደበድባል። አጠገቧ የተቀመጠው ዲማ የሚባል፣ ጾሬ የስደተኞች ጣቢያ የሚሠራ ሰው ነው፤ ቀበቶዋን ያሰረላት እሱ ነው፤ ይህንንም የነገረኝ እሱው ነው። ሰገነት ብርዱን ፈርታ ልጅቷን በኩታዋ ደረቷ ላይ ጥቅልል አደረገቻት። አውሮፕላኑ መሬቱን እንደለቀቀ ጉም ዋጠው።

መጀመሪያ እንደ ኮረኮንች መንገድ አንገጫገጫቸው። ከዚያ ወደ ታች ለቀቃቸው። ከራሳቸው በላይ የነበረ ቦርሳ ወደቀ፣ መብራቱ ጠፋ፣ በመስኮቱ የሚገባው አመድ የመሰለ ብርሃን ብቻ ነበር። ሰው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ዲማ ከመናወጡ ይልቅ የፈራው ያንን ዝምታ ነው።

ሰገነት ቀና ስትል መተላለፊያው በሰው ተሞልቷል። ቆመዋል። ማንም ምንም አልያዘም፤ አውሮፕላኑ ሲወረወር እነሱ አይነቃነቁም። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ሕፃን በኩታ ሸፍና ይዛለች። ሰገነት እናቷ መሆኗን ለማወቅ ፊቷን ማየት አላስፈለጋትም።

በሰፈራው ዘመን፣ ሰገነት ልጅ ሳለች፣ ቤተሰቧ ወደ አሶሳ የመጣው በጭነት አውሮፕላን ነው። ወንበር የለ፣ ሰው እንደ ማገዶ ተደርድሮ ቆሞ። በሩ ጋ የነበረው ካድሬ፣ አንድ ሰው እንኳ ቢንቀሳቀስ አውሮፕላኑ ይገለበጣል አላቸው። ሰው እንዳይተራመስበት የፈጠራት ውሸት ናት። ታናሽ ወንድሟ ስለሺ በእናቱ ኩታ ሥር፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ነበር። ዝም ሲል እናቱ አወቀች። ገልጣ ለማየት ክንዷን ማንሳት ነበረባት፤ አላነሳችም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ልጨርስ ወይ ብላ። አሶሳ ሲወርዱ ኩታው ተገለጠ፤ ሜዳው ዳር ቀበሩት። ስሙን የጻፈ የለም። ያ ካድሬ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል፤ ውሸቱ ግን ጡረታ አልወጣችም፤ ሰገነት ውስጥ ስትኖር ነበር።

ሊድያም ደረቷ ላይ ዝም ብላለች።

«እናቴ፣ ልጅቷ ደኅና ናት?» አላት ዲማ።

«አትንካኝ። ይገለበጣል።»

«ምኑ?»

«ዝም በል። ቆመው እያዩን ነው።»

ዲማ ዞሮ አየ። መተላለፊያው ባዶ ነው። የወደቀው ቦርሳ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ የሰው እግር እንዳገኘ ሁሉ፣ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ዞሮ አላየም።

ሰገነት ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ብትቀሰቅሳት ታለቅስና ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ብትንቀሳቀስ ሁሉም ያልቃል። ያኔ መተላለፊያው ላይ የቆመችው ሴት ክንዷን አነሳች። ቀስ ብላ፣ ያን ጊዜ ያላነሳችውን ክንድ። ኩታውን ከሕፃኑ ፊት ላይ ገለጠችው።

ሰገነት የራሷን ኩታ ቦጨቀችው። የሊድያ ከንፈር ሳታለቅስ ጠቁሯል፤ አፍንጫዋ ጨርቁ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ወደ ላይ አነሳቻት፣ ነቀነቀቻት፣ ውስጥ እግሯን በጥፊ መታቻት። አውሮፕላኑ አልተገለበጠም፤ እንደፈለገው ይናወጥ ነበር፣ ከእሷ ጋር ጉዳይ የለውም። ልጅቷን አንዴ ሳግ ያዛትና ተነፈሰች። ዲማ ተጣራ፤ አስተናጋጇ ወንበር ለወንበር እየተንጠለጠለች ኦክስጅን ይዛ ደረሰች።

አንባቢን በሕፃን ነፍስ ማንጠልጠል አልወድም፦ ሊድያ በቀጠሮዋ ገባች፣ ልቧ ተሰፋ፣ ዛሬ የሰው ዶሮ ታባርራለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለሰገነት ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ «ውሸት ነበር» ብሎ አልነገራትም። ለምን? ከእኛ ማን ጠየቃት?

አዲስ አበባ ሲያርፉ ተሳፋሪው እየተጋፋ ወረደ። ሰገነት ሊድያን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዲማ ዕቃዋን አንጠልጥሎ ጠበቃት።

«እናቴ፣ ሁሉም ወርዷል እኮ። የቀረነው እኛ ብቻ ነን።»

ሰገነት ባዶውን መተላለፊያ እያየች፣ ሰው እንደሚያሳልፍ ጉልበቷን ሰብሰብ አደረገች።

«ታገሥ ልጄ፤ ሕፃን የያዙ አሉ» አለችው።